ኢዳ የተቀመጠው መኪና

ዛሬ ጠዋት ልጄ የመኪናውን በር ሲከፍት ሽታው እኔ የቆምኩበት ደጃፍ ድረስ መጣ። ወራት ተዘግታ የከረመች መኪና ሽታዋ ሌላ ነው፤ ፀሐይ የጋገረው ፕላስቲክ፣ የደረቀ ቤንዚን፣ የወንበር ስፖንጅ፣ በላዩ ላይ ትንሽ የአይጥ ነገር። ልጄ እግሩ ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ ቤት ስለዋለ መኪናዋም አብራው ቆማ ከርማለች። ቁልፉን ሲያዞር ጠቅ አለች እንጂ አልተነሳችም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከነተሳቢው የሚምዘገዘገውን ከባድ መኪና አውቀዋለሁ። እሱ ጎንበስ ቀና ሲል እኔ በልቤ "እመቤቴ፣ ዛሬን እንኳ ባትነሳ" እላለሁ። ኋላ ጎረቤታችን የራሱን መኪና አስጠግቶ ባትሪ ከባትሪ በሽቦ ሲያያይዝለት ተነሳች። "እማ፣ ስደርስ እደውላለሁ፤ ደግሞ አትጨነቂ" ብሎኝ ሄደ። አትጨነቂ! ለማን ነው የሚነግረው?

እስኪደውል እጄ ሥራ አልይዝ ስላለ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። አራተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ እንደማወራው ነው የምጽፈው። ያ ሽታ ግን ይዞኝ ሄዷል፤ አዴ ሩቂያ ግቢ፣ ዳለቻ ውስጥ።

"አዴ" በእኛ አገር ለትልቅ ሴት የሚባል ነው፤ ለትልቅ ወንድ "ኦቦ" እንላለን። አዴ ሩቂያና ባላቸው ኦቦ ጀማል አጥር ተጋሪ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም፤ በመሃላችን የነበረው የቁልቋል አጥር ግን ለዶሮም ለልጅም ክፍት ነበር። ልጅ አልወለዱም። የነበራቸው ዳለቻ ነው።

ዳለቻ ፒክአፕ መኪና ነው። አዲስ ሳለ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ እኔ ስደርስበት ግን ፀሐይና አቧራ አመድማ አድርገውት ስለነበር ኦቦ ጀማል የበሬ ስም አወጡለት። ጎህ ሲቀድ ጫት ጭነው ወደ ሚኤሶ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ሽንኩርትም ፍየልም ሰውም፣ ያገኙትን ጭነው ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ዳለቻ ሲያቃስት እናቴ "ኦቦ ጀማል መጡ፣ ውሃ ጣጂ" ትላለች። ሰዓታችን እሱ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኦቦ ጀማል ታመው ሳይቆዩ አረፉ። አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት፤ መኪናው እዚያው ግቢ፣ አፍንጫውን ወደ ቤቱ አዙሮ እንደቆመ። ከቀብር በኋላ አንድ ዘመድ ጥቁር ሸራ አልብሶት በገመድ አሰረው።

እናቴ ጠራችኝና "ቢዙ፣ አዴ ኢዳ ላይ ናቸው" አለችኝ።

"ኢዳ ምንድን ነው?"

"ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ከቤቷ አትወጣም። አታጌጥም፣ ኩል የለ፣ ሽቶ የለ፣ ሂና የለ። ከባዕድ ወንድ ጋር ፊት ለፊት አታወራም። ገበያ የሚሄድላት እግር ያስፈልጋታል። አንቺ እግራቸው ትሆኛለሽ።"

ይሄን ሰምቼ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ዳለቻን ነው። ጥቁር ለብሷል። ጌታው ሞቶበታል። ከግቢ አይወጣም። አይታጠብም። ታዲያ ኢዳ ለመቀመጥ ምን ቀረው? እኔ እንግዲህ በልጅ ልቤ ሁለቱም ኢዳ ላይ ናቸው ብዬ ደመደምኩ፤ አዴ ቤት ውስጥ፣ እሱ ደጅ። ማንንም አልጠየቅሁም። ግልጽ ነበር።

የዚያን ወራት ሥራዬ ይህ ነበር፦ ከትምህርት ቤት መልስ ስኳር፣ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙና መግዛት፤ ማሽላ ወፍጮ ቤት ማድረስ፤ መልእክት መውሰድ። አዴ ሩቂያ በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ። የማየው ጣታቸውን ነው፤ ሂናው ከጥፍራቸው ላይ በየሳምንቱ ወደ ጫፍ እየሸሸ ሲያልቅ። ሥጋ የሚሠሩበት ድስት ለእኔ አይነካም። "የናትሽን እምነት በእኔ ድስት አላበላሽም" ብለው አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ አስቀመጡልኝ፤ ምስርም ድንችም እንቁላልም በእሷ ይሠሩልኛል። ሆጃ ግን አብረን እንጠጣለን፤ የቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ ጨው ጣል የሚደረግበት። እስከ ዛሬ ሆዴን ሲበርደኝ የሚያምረኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን "ኢንተላ" አሉኝ፤ ልጅት ማለታቸው ነው። "ዳለቻን ክፈቺለት። አየር ይግባው። እሱ ያለ ሰው መዋል አይወድም።"

ሸራውን ገልጬ በሩን ስከፍት ሽታው ወጣ። የደረቀ የጫት ቅጠል፣ ቤንዚን፣ የኦቦ ጀማል ላብ። ሸበጣቸው ከመሪው ሥር እንደ ቆመ ነው፤ መቁጠሪያቸው መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩን ድርግም አድርጌ ሮጥኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"አዴ፣ እፈራለሁ። ተቀምጠውበት ቢሆንስ?"

መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ። "ተቀምጦበት ከሆነ ሰላም በዪው። ካልሆነም ፍራቻሽን ይዘሽው ግቢ። ፍራቻ ወንበር አይሞላም፣ ለአንቺ ቦታ ይተርፋል።"

ይዤው ገባሁ። "ሰላም ለእርስዎ ኦቦ" ብዬ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እገባለሁ፤ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ የሞቱ ዝንቦች እለቅማለሁ።

ኅዳር ሲገባ የኦቦ ጀማል ታናሽ ወንድም ኦቦ ዩሱፍ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፍየል ነጋዴ ናቸው፣ ነገር አያንዛዙም። ቁልፉን ተቀብለው ገቡና አዞሩት። ጠቅ እንኳ አላለም። ጥሩምባውን ተጫኑት። ዝም።

"አዴ፣ አትዘኚብኝ" አሉ ወደ መጋረጃው። "መኪና ሲሠራ ነው መኪና፣ ሲቆም ብረት ነው። በውርሱ አንቺም ድርሻ አለሽ፣ እኔም አለኝ። ከተነሳ ሹፌር ቀጥረን ይሥራ፣ አንቺም እዚሁ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ብዪበት። ካልተነሳ ግን ጎማው ሳይበሰብስ ለድሬዳዋ ብረት ገዢዎች እንስጠውና እንካፈል።"

"ኢዳዬ አላለቀም፣ ዩሱፍ።"

"አውቃለሁ። እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪናቸው ይመጣል።"

ማታ እናቴ ለአባቴ ስታወራ ሰማሁ። "ዳለቻ ከተሸጠ አዴ በምን ሊኖሩ ነው? መሰላ፣ ወንድማቸው ቤት መግባታቸው ነው። ባለቤት የነበረች ሴት በሰው ቤት ጥግ ይዛ..." መሰላን አይቼ አላውቅም። ለእኔ የዓለም ዳር ነበር። ብርድ ልብሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ጠዋት ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። "ገፍተን እናስነሳዋለን!" አሉ ወንዶቹ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢስሚላህም በስላሴም ብለው ገፉ። ግቢው ግን ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚያዘቀዝቅ ነው፤ ዳለቻ ወደ ኋላ ዳገት መውጣት ነበረበት፣ ጎማውም ተንፍሷል። ትንሽ ይወጣል፣ ተመልሶ ይንሸራተታል። አንዱ "በሬ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው፣ ቂጡን ይዘህ ዳገት አይወጣልህም" ብሎ ሁሉንም አሳቀና ተበተኑ።

ጋሽ ሙላቱ መካኒክ የመጡት ያን ጊዜ ነው። የእናቴ የክርስትና ዘመድ ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ግሪስ ለፋሲካ እንኳ አይለቅም። አዴ ከእሳቸው ጋር ፊት ለፊት ስለማይነጋገሩ እኔ በመስኮቱና በኮፈኑ መሃል ቆምኩ። ሁለቱም ይሰማማሉ፤ እርምጃ አይሞላም በመሃላቸው። እኔ ግን እደግማለሁ።

"ባትሪው ሞቷል በያቸው" ይላሉ ጋሽ ሙላቱ።

"ባትሪው ሞቷል ይላሉ።"

"ሰማሁ። ይቀበራል ወይስ ይድናል በዪው።"

"ይቀበራል ወይስ..."

"ይድናል! ውሃው ደርቋል፣ ቻርጅ ይደረግ በያቸው።"

ባትሪውን በባሬላ ወስደው ቻርጅ አስደርገው መለሱት። ከማሰሩ በፊት ግን ነገር መጣ። ሽቦው ባትሪው ራስ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አውጥቶ ነበር። ጋሽ ሙላቱ ፍል ውሃና የሽቦ ብሩሽ ሰጡኝ። "ፈትገሽ አንጸባርቂልኝ፣ እንደ ብር ጌጥ እስኪያበራ።"

እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ። "አይቻልም።"

"ለምን አይቻልም?"

"ኢዳ ላይ ነው። ጌጥ ክልክል ነው።"

ጋሽ ሙላቱ አፋቸውን ከፈቱ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አንድ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። አዴ ሩቂያ እየሳቁ ነው። ኦቦ ጀማል ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። "ያ ረቢ! ያ ረቢ! ኢንተላ፣ ኢዳ ለሚስት ነው እንጂ ለመኪና አይደለም!" ደግሞም ፈነዱ። "ግን ማን ያውቃል? ከእኔ ይልቅ አብሮት የዋለው እሱ ነው!"

ጋሽ ሙላቱ ከኮፈኑ ሥር ገብተው ትከሻቸው እየተነቃነቀ ቆዩ። እኔ አፍሬ ፈተግሁ፤ የባትሪው ራስ እንደ ጨረቃ አበራ።

ባትሪው ሲታሰር መብራቱ ቦግ አለ። ጥሩምባው ሲጮህ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ በረረ፤ እኔ ዳነ ብዬ ዘለልኩ። ቁልፉ ሲዞር ግን ጠቅ። አንድ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ጋሽ ሙላቱ ሽቦውን ሁሉ ተከታተሉ፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን፣ እነሱ ማሳ የሚሉትን፣ ፈትተው ጠርገው አሰሩ። ጠቅ። ከላይ እጃቸውን ወደ ሞተሩ ጎን ሰደው በመፍቻ መታ መታ አደረጉ። ጠቅ።

"ሞተሪኖው ነው" አሉ በመጨረሻ። ሞተሪኖ ማለት ትልቁን ሞተር መጀመሪያ ቀስቅሶ የሚያዞረው ትንሹ ሞተር ነው፤ እሱ ካልነቃ ትልቁ አይነቃም። "ተቃጥሎ መሆን አለበት። ድሬዳዋ ካልተገኘ እዚህ የለም በያቸው።"

ይህን አልደገምኩም። አዴ ግን ሰምተዋል።

ድሬዳዋ ለሚሄድ ሹፌር ተነገረ። ተመልሶ "ለዚህ የሚሆን የለም" አለ። ብርዱ እየበረታ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የዳለቻ መስታወት ላይ ጤዛ ይረጋል። አዴ ሩቂያ ዕቃቸውን አንድ ባንድ ማጠፍ ጀመሩ። ትንሿን የእኔን ድስት ጠርገው "ይቺን ለእናትሽ ውሰጂላት" ሲሉኝ አልወስድም ብዬ ጮህኩባቸው። ትልቅ ሰው ላይ ጮሄ አላውቅም ነበር። አልተቆጡም።

ይሄን እየጻፍኩ ስልኬ ጠራ። ልጄ ሚኤሶ ደርሷል። "ሙቀቱ ለጉድ ነው፣ እማ" ይላል፣ እየሳቀ። ተመስገን። አሁን እጄም ቀለል አለ፣ ልቀጥል።

በዚያው ሰሞን የዳለቻን ወንበር ሥር ስጠርግ አንድ ብረት አገኘሁ። ክንድ የሚያህል ድፍን ብረት ነው፤ አንዱ ጫፍ በእጅ ብዛት ለስልሷል፣ ሌላው ጫፍ ተቀጥቅጦ ተደፍጥጧል። የጅብ መምቻ ነው ብዬ ለአዴ በመስኮቱ አሳየኋቸው።

"አላውቀውም" አሉ፣ እያገላበጡ። ግን የእሱ እጅ የነካው ስለሆነ ቶሎ አልመለሱልኝም። ያን ጊዜ ነው ያወሩኝ። "ወንዶች ጫት ሲጭኑ እኔ ደጅ አልወጣም ነበር። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂ ሰግጄ እዚሁ ምንጣፌ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጭነው ይጨርሳሉ፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ። ከዚያ ሊወጣ ሲል የግቢውን በር ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርግልኛል። ሄድኩ ማለቱ ነው። እኔም ከዚህ ሆኜ 'ነጋን ገሊ' እላለሁ። በሰላም ግባ። ከዚያ ነው መኪናው የሚነሳው። ሃያ ዓመት፣ ተጣልተን ባደርን ቀን እንኳ፣ ሳያንኳኳ ሄዶ አያውቅም።" ብረቱን በመስኮቱ መለሱልኝ። "መሰላ ማን ያንኳኳልኛል?"

እኔ ምን ላድርግ? አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ለማጽናናት ያላት ነገር ጥቂት ነው። በማግስቱ ብረቱን ይዤ የግቢውን ቆርቆሮ በር ሁለት ጊዜ መታሁ።

"ማነው?" አሉ ደንግጠው።

"እኔ ነኝ አዴ። እንዲሰሙት ብዬ ነው።"

"እሱ አይደለም" አሉ። "ይሄ ይጮሃል። የእሱ ወፍራም ነበር፣ እንደታፈነ።"

"እንጨቱን ቢሆንስ?" ምሰሶውን መታሁ።

"አይደለም። ብረት ነው።"

የዳለቻን የኋላ መከላከያ መታሁ። "አይደለም፣ ያ ይንቀጠቀጣል።" የጭነቱን ሳጥን። "አይደለም።" የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን። "ተጠግተሻል።" አሁን እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ መጋረጃው ላይ ተጠግተው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። "በሩን አልነበረም ማለት ነው?" ይላሉ ለራሳቸው። "ታዲያ ምን ነበር የሚመታው?"

ከፊት ጎማ አጠገብ በሆዴ ተኛሁ። ከጎማው በላይ ወደ ሞተሩ ጎን የሚገባ ክፍት ቦታ አለ፤ ብረቱን ስሰደው ልክ ለእሱ የተቆፈረ ይመስል ገባ። ውስጥ ሁሉም ነገር ጥቁር ጭቃና ግሪስ ለብሷል። አንድ ቦታ ብቻ፣ አንድ ድቡልቡል ብረት ላይ፣ ሳንቲም የምታህል ሥፍራ ጎድጉዳ ታበራለች። እሷን መታሁ። ኳ፣ ኳ።

"ነጋን ገሊ" አሉ አዴ ሩቂያ።

ሳያስቡት ነው የወጣቸው። እኔ ጎማው ሥር እንደተኛሁ ቀረሁ።

ሮጬ ጋሽ ሙላቱን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ያቺን የምታበራ ሥፍራ አዩ፣ ብረቱን አዩ፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። "አይ ጀማል! አይ አንተ ሰውዬ! እኔ ከላይ ነበር የምመታው፤ እሱ ከሥር፣ የሚጣበቅበትን ቦታ ለይቶ!" ወደ መስኮቱ ዞሩ። "አዴ፣ ሞተሪኖው ድሮም ይጣበቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀስቅሶት ነው የሚነሳው።"

"ሞተሪኖውን ነው ይላሉ" አልኩ።

"ሰማሁ" አሉ አዴ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ለሞተሪኖ ነው እንዴ መልስ ስሰጥ የኖርኩት?"

ማንም አልሳቀም። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩት። ሲስቁ ሲያለቅሱ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ፣ "ያ ጀማል፣ ያ ጀማል" እያሉ። ጋሽ ሙላቱ ፊታቸውን ወደ ጎማው አዙረው ሥራ የያዙ መሰሉ።

"ቢዙ፣ ግቢና ቁልፉን ያዢ" አሉኝ። "ማርሹ ፍሪ ነው፣ መኪናው አይሄድም፣ አትፍሪ። አዙሪ ስልሽ አዙሪ፣ ልቀቂ ስልሽ ልቀቂ።"

መቼም አትፍሪ ሲሉኝ ነው የምፈራው። ፍራቻዬን ይዤ ገባሁ። ቁልፉን ያዝኩ። ከሥር ኳ የሚል ሰማሁ። "አዙሪ!"

ዳለቻ አቃሰተ። አቃሰተ፣ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ ስል ደግሞ አገሳ። ወንበሩ፣ መሪው፣ ጥርሴ፣ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። መቁጠሪያው መስታወቱ ላይ ይጨፍራል። ቁልፉን ልቀቂ ቢሉኝ ጣቴ እሺ አላለኝም፤ ጋሽ ሙላቱ መጥተው አላቀቁኝ። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ እልል እያለች ገባች።

ጋሽ ሙላቱ ብረቱን በጨርቅ ጠርገው በመስኮቱ አቀበሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አዴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። አንዴ ነው የመታሁት። አንድ ይበቃዋል።"

መጋረጃው አልተነቃነቀም። ሞተሩ ብቻ ይጮሃል።

"ሁለተኛዋስ?" አሉ አዴ ሩቂያ፣ ቀስ ብለው።

"እሷን እኔ አላውቅም" አሉ ጋሽ ሙላቱ፣ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ።

ይህንን ማንም ድገሚ አላለኝም፣ እኔም አልደገምኩም።

ኦቦ ዩሱፍ በማግስቱ መጥተው ራሳቸው አስነሱት፤ አጥፍተው ደግሞ አስነሱት። "ቃሌ ቃሌ ነው" አሉ። "የድሬዳዋዎቹ ሌላ ብረት ይፈልጉ።" እንዲያውም ጎማውን በራሳቸው ወጪ አስነፉ፤ ከዚያ በኋላ ሹፌር እስኪገኝ ድረስ እሳቸው ነዱት።

ለአዴ ሩቂያ ያለኝ ምስጋና እዚህ ላይ ነው። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ሴት ልጅ ሆኜም፣ እናት ሆኜም አልተለወጥኩም። ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ፣ ስልክ ሳይጠራም እደነግጣለሁ። ግን ስለፈራሁ ብቻ የተውኩት ነገር ጥቂት ነው። ልጄን ዛሬ ጠዋት በሩን ዘግቼ አላስቀረሁትም፤ መንገዱ ላይ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩለት። ያን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ በመጋረጃ ጀርባ የተቀመጡ አንዲት ሴት ናቸው።

ኢዳቸው ሲያልቅ ታጥበው፣ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ጣታቸውን ሂና ሞቀው ወጡ። በፀሐይ ሳያቸው ያጠሩ መሰለኝ። ኦቦ ዩሱፍ ዳለቻን መንገዱ ላይ አቁመው ጠበቁን። "ዘመድ ልጠይቅ፣ መሰላ ውሰደኝ" አሏቸው አዴ። እኔንም መሃል አስቀመጡኝ።

አቧራውን እየዋጥን ኮረኮንቹን ስንወጣ ማሽላው ታጭዶ፣ አገዳው ተከምሮ ነበር። የምፈራው መሰላ እንደኛው ሰፈር ሆኖ አገኘሁት፤ ልጆችም ፍየሎችም አሉት። የአዴ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ ስለ መኪናው ወሬ አልደረሰውም። እቅፍ አድርጎ አለቀሰ። "እንኳን መጣሽ እህቴ! ክፍሉን ኖራ ቀብተን፣ አልጋ ዘርግተን ነው የምንጠብቅሽ። አይዞሽ፣ ቤትሽ ነው፣ እስከ ዕድሜሽ ድረስ።" ከዚያ ወደ መኪናው የጭነት ሳጥን ተንጠራርቶ አየ። ከአንዲት የሙዝ ዘንቢል በቀር ባዶ ነው። "ዕቃሽስ የታለ?"

"የምን ዕቃ?" አሉ አዴ ሩቂያ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። "እኔ ለምሳ ነው የመጣሁት።"

ወደ ኦቦ ዩሱፍም ዞሩና "አንተ፣ ሞተሩን እንዳታጠፋው" አሏቸው።

ምሳችንን ስንበላ ዳለቻ ደጅ እየተንቀጠቀጠ ጠበቀን።